ዳንሱ ነው የጠቀማቸው ወይስ አብሮት የመጣው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ በሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነዎት። 30 ጎልማሶችን ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዳንስ አሠልጥነው፣ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ስለ ስሜታቸውና እርስ በርስ ስለ መቀራረባቸው መጠይቅ ሊያስሞሉ አስበዋል። አማካሪዎ ግን «ቢሻላቸው እንኳ ያሻላቸው ዳንሱ ነው ማለት አይቻልም» አሉ። ምን ቢስተካከል ይሻላል? ዳንስ ከሌላ ስፖርት ይበልጣል የሚባለውስ እውነት ነው? ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን የሚጣል አይደለም። መስተካከል ያለበት የዳንሱ ፕሮግራም ሳይሆን የሚነጻጸርበት ነገር ነው።

ከ«በፊት» እና ከ«በኋላ» ልዩነት ብቻ ተነሥቶ የሚጻፍ ውጤት ብዙ በር ክፍት ይተዋል። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚመዘገብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ከፍቶት በሰነበተበት ወቅት ነው፤ የከፋ ስሜት ደግሞ ምንም ባይደረግለትም በጊዜ ብዛት ወደ ወትሮው ይመለሳል። 8 ሳምንት ራሱ ረጅም ነው፤ የሥራ ጫና ይቀላል፣ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል፣ ፈተና ያልፋል። ተሳታፊውም ጥናቱ ምን እንደሚፈልግ አይጠፋውም፤ አሠልጣኟ ፊት ቆማ «አልተደሰትኩም» ብሎ መሙላት ይከብደዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ያቋረጡትን ነው። ከ30ው ሰው 9ኙ በመሀል ቢተዉ፣ እስከ መጨረሻው የሚቆዩት 21ዱ ዳንስ የተስማማቸው ናቸው። የእነሱን አማካይ ከመጀመሪያዎቹ የ30 ሰዎች አማካይ ጋር ካነጻጸሩ፣ የማንም ስሜት ሳይለወጥ ጭማሪ ሊያዩ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ አንድ ትልቅ ችግር ይቀራል፦ ዳንስ አንድ ነገር አይደለም። በአንድ የዳንስ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ልብን የሚያስመታ የሰውነት ድካም አለ። ሙዚቃ አለ። ከሌሎች ጋር በአንድ ምት መንቀሳቀስ አለ። አንዳንዴ እጅ ለእጅ መያያዝ አለ። አዲስ እርምጃ መማርና ማስታወስ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ወጥቶ ከተላመዱት ሰው ጋር መገናኘትም አለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስሜትን ሊያሻሽሉ ይችላሉ። ስለዚህ «ዳንስ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በጣም ሰፊ ነው። ከጥቅሉ ውስጥ የትኛውን ነጥለው እንደሚፈትኑ አስቀድመው ይወስኑ፤ የማነጻጸሪያ ቡድኑ ከዚያ ውሳኔ በራሱ ይወጣል።

ይህን በሚገባ ከለዩት ሥራዎች አንዱ የኦክስፎርዷ ብሮንዊን ታር ከባልደረቦቿ ጋር በ2015 ያሳተመችው ነው። ብራዚል ውስጥ 264 ወጣቶችን በ3 በ3 ቡድን ከፋፍለው አራት ዓይነት ሁኔታ ፈጠሩ። ግማሾቹ ቆመው በሙሉ ሰውነታቸው ይደንሳሉ፤ ግማሾቹ ተቀምጠው በእጃቸው ብቻ ትንንሽ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። በሁለቱም ወገን አንዳንዱ ቡድን እኩል አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲያደርግ፣ በሌላው ቡድን ግን የአንዱ እንቅስቃሴ ከሌላው አይገጥምም። ሙዚቃው ለሁሉም አለ፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሙዚቃው አመጣው ማለት አይቻልም። ውጤቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ድካሙ ለብቻው፣ አብሮ መንቀሳቀሱም ለብቻው፣ ተሳታፊዎቹ ለቡድናቸው የሚሰማቸውን ቅርበትና ሕመም የመቻል አቅማቸውን ከፍ አደረጉ። ተቀምጠው እጃቸውን ብቻ እኩል ያንቀሳቀሱትም ተቀራርበዋል ማለት ነው፤ ላብ ግዴታ አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት እነ ታር ጥናቱን በጆሮ ማዳመጫ ደገሙት። ሁሉም ሰው የሚሰማው በየራሱ ማዳመጫ ስለሆነ፣ ተመራማሪው በአንድ ክፍል ውስጥ ለቆሙ ሰዎች የተለያየ ሙዚቃና የተለያየ መመሪያ መስጠት ይችላል። በዚያም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ምት ያደረጉት ከሌሎቹ የበለጠ ተቀራረቡ፣ ሕመምም የበለጠ ቻሉ። ይህ ዘዴ ለእርስዎ ዓይነት ጥናት ትልቅ ስጦታ ነው፤ ስልክና ማዳመጫ ካለዎት ቤተ ሙከራ አያስፈልግዎትም። በ2018 ደግሞ ሰዎችን በቨርቹዋል ሪያሊቲ ውስጥ ከኮምፒውተር ምስሎች ጋር ሲያስደንሱ፣ የቅርበት ስሜቱ ከእኩል እንቅስቃሴ ጋር ሲጨምር ሕመም የመቻል አቅም ግን አልተለያየም። ሁለቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ ይያዙ።

ሌላውን የጥቅሉን ክፍል የነጠሉም አሉ። በ2009 የታተመ የታንጎ ጥናት 22 ዳንሰኞችን በአራት ሁኔታ ፈተነ፤ ከአጣማጅ ጋር ወይም ያለ አጣማጅ፣ በሙዚቃ ወይም ያለ ሙዚቃ። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል የቀነሰው ሙዚቃ ሲኖር ነው፤ ቴስቶስትሮን የጨመረው አጣማጅ ሲኖር ነው። በ2007 የሳቢነ ኮኽ ቡድን 31 የድባቴ ታካሚዎችን በሦስት ከፈላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በክብ ሆነው እየዘለሉ ደነሱ፣ ሁለተኛዎቹ ያንኑ ሙዚቃ አዳመጡ፣ ሦስተኛዎቹ ያለ ሙዚቃ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነዱ። የድባቴ ስሜት ይበልጥ የቀነሰው የደነሱት ላይ ነበር። ናሙናው ትንሽ ነው፣ የተለካውም የአንድ ክፍለ ጊዜ ውጤት ብቻ ነው፤ የማነጻጸሪያዎቹ አመራረጥ ግን ለማንም ተማሪ ምሳሌ ይሆናል። ሙዚቃውን ብቻ፣ ድካሙን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ።

አሁን ወደ እርስዎ 30 ሰዎች እንምጣ። የመጀመሪያው አማራጭ የ8 ሳምንቱን ፕሮግራም ይዞ ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት መክፈል ነው፤ 15ቱ አሁን ይደንሳሉ፣ 15ቱ ተራ ጠብቀው በኋላ ይደንሳሉ። ይህ ከበፊት-በኋላ ብዙ ይሻላል፤ የሚመልሰው ግን «ፕሮግራሙን ማግኘት ካለማግኘት ይሻላል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ሐቀኛ ጥያቄ ነው፤ ስዊድን ውስጥ በ2013 የታተመው የእነ አና ዱበርግ ጥናትም በዚህ መንገድ ሄዷል። ጭንቀትና የሐዘን ስሜት ያለባቸው 112 ልጃገረዶች ለ8 ወር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 75 ደቂቃ ደነሱ ወይም በማነጻጸሪያ ቡድን ቆዩ፤ የደነሱት ስለ ጤንነታቸው የሰጡት ግምት ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። የማነጻጸሪያው ቡድን ሌላ የጋራ ፕሮግራም ስላልተሰጠው ግን ዳንሱ ይሁን አብሮ መዋሉ መለየት አይቻልም።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። 15 በ15 የሆነ ጥናት በ80 በመቶ ዕድል ሊያገኝ የሚችለው የውጤት መጠን 1.06 አካባቢ፣ ማለትም ከአንድ የመደበኛ ልይይት ክፍል የሚበልጥ ልዩነት ነው። በ2019 የወጣው የኮኽ ቡድን ሜታ-አናሊሲስ፣ 41 ጥናቶችንና 2374 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ያገኘው አማካይ 0.60 ነበር። የሚፈልጉት ነገር በእውነት ቢኖር እንኳ በ15 በ15 ያመልጥዎታል፤ ካላመለጠዎትም ያገኙት ቁጥር ከእውነተኛው አልፎ የተጋነነ ይሆናል። መካከለኛ የሚባለውን 0.5 ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል።

ያም አይበቃም። አብረው የሚደንሱ ሰዎች ስሜት ይመሳሰላል፤ አሠልጣኙ ጥሩ ከሆነ ሁሉም ደስ ይላቸዋል፣ አንድ ረባሽ ካለ ሁሉም ይበሳጫሉ። ስለዚህ 12 ሰው የያዘ አንድ ክፍል 12 ነጻ መረጃ አይሰጥም። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከአንድ ክፍል ሰው ብዛት 1 ይቀንሱ፣ በመመሳሰሉ መጠን ያባዙ፣ 1 ይደምሩ። መመሳሰሉ 0.1 ከሆነ 11 ሲባዛ በ0.1 ሲደመር 1፣ 2.1 ይሆናል። 64ቱ ሰው ወደ 135 ያድጋሉ፤ በየወገኑ 12 ክፍል መሆኑ ነው። በዚህ መስክ ከሚታተሙ ትንንሽ ጥናቶች ብዙዎቹ ይህን ስሌት ይዘሉታል። አማካሪዎ ሳይጠይቁዎት እርስዎ ቢያነሡት ጥሩ ነው።

እኔ ብመርጥ 8 ሳምንቱን ትቼ ጥያቄውን አጠባለሁ፤ «በአንድ ምት መንቀሳቀስ ለብቻው ሰዎችን ያቀራርባል ወይ?» እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ልዩነት ይመጣል፤ አንዴ እኩል ይደንሳል፣ አንዴ ሳይገጥም ይደንሳል፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ነው። ሰው ከራሱ ጋር ስለሚነጻጸር 30 ተሳታፊዎች 0.53 አካባቢ የሆነ ልዩነት ለማየት ይበቃሉ። የቡድን መመሳሰል ስላለ ትንታኔው ሰውንም ቡድንንም የሚቆጥር ባለ ደረጃ ሞዴል ይሁን።

እዚህ ላይ የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። በመጀመሪያው ቀን አብረው የደነሱ ሰዎች በሁለተኛው ቀን እንግዳ አይደሉም፤ ያኔ የሚለኩት የባለፈውን ሳምንት ቅርበት ነው። ስለዚህ ሰዎቹን በ10 ቡድን፣ 3 በ3 አድርገው ይክፈሉ። 5ቱ ቡድኖች በመጀመሪያው ቀን እኩል፣ 5ቱ ሳይገጥሙ ይደንሱ። ለሁለተኛው ቀን እኩል የደነሱትን 15 ሰዎች ብቻቸውን አዲስ ድልድል ይሥሩላቸው። ቡድኖቹን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይስጧቸው፤ የየቡድኑ አንደኛ አባል ባለበት ይቆይ፣ ሁለተኛው ወደሚቀጥለው ቡድን ይለፍ፣ ሦስተኛው አንድ ዘልሎ ወደዚያኛው ይሂድ፤ ከ5 በኋላ ወደ 1 ይዞራል። በዚህ ድልድል ከዚህ በፊት አብረው የደነሱ ሁለት ሰዎች አይገናኙም። ሳይገጥሙ የደነሱትን 15ም እንዲሁ ያድርጉ። በ5 በ5 ቡድን ከከፈሏቸው ግን 15 ሰው 3 ቡድን ብቻ ስለሚሆን፣ ከቀድሞ አጋሩ ጋር የሚገናኝ ሰው አይጠፋም።

ዳንሱን በተመለከተ አራት ቀላል እንቅስቃሴዎች ይበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው 8 ምት የሚፈጁ፣ ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት አካባቢ። እኩል በሚደንሰው ቡድን ሦስቱም 1-2-3-4 ይሄዳሉ። ሳይገጥም በሚደንሰው ቡድን አንዱ 1-2-3-4፣ ሌላው 2-3-4-1፣ ሦስተኛው 3-4-1-2 ይሂድ፤ በምንም ቅጽበት ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አያደርግም፣ ድካሙ ግን ለሁሉም እኩል ነው። መመሪያው በማዳመጫ ይምጣ፤ አሠልጣኝ ፊት ለፊት ቆሞ ካሳየ ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸውን ትተው እሱን ያያሉ። ሦስቱ ፊት ለፊት እየተያዩ በሦስት ማዕዘን ይቁሙ። «ወደ ቀኝ» የሚለው መመሪያ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ተገላቢጦሽ ስለሚሆን፣ ወደ ጎን የሚሄድ እንቅስቃሴ ትተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉትን ቢመርጡ ይቀላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሳይገጥሙ መደነስ ይከብዳል። ጎንህ ያለው ሰው እጁን ሲያነሣ ያንተም እጅ ሊነሣ ይፈልጋል፤ ትሳሳታለህ፣ ታፍራለህ። በመጨረሻ ቅርበቱ ቢቀንስ እርምጃ አለመግጠሙ ይሁን ሐፍረቱ አይታወቅም። መድኃኒቱ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከሌሎቹ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ለብቻው ሆኖ ሙሉ ዙሩን አራት ጊዜ ያለ ስሕተት እስኪሠራ ይለማመድ፤ ከ10 ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ካለቀ በኋላ ደግሞ «ምን ያህል ከበደዎት?» እና «ምን ያህል በደንብ ሠሩት?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን ከ1 እስከ 7 ያስሞሉና በትንታኔው ውስጥ ያስገቧቸው። ድካሙንም ከ6 እስከ 20 በሚሄደው የቦርግ መለኪያ ይጠይቁ፤ በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ እንቅስቃሴዎቹ እኩል አይደሉም ማለት ነው።

የመለኪያ ምርጫ ላይ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በጊዜው ነው። ባለ 5 ጥያቄው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅም ሆነ ባለ 14 ጥያቄው የዎርዊክ-ኤደንብራ መጠይቅ የሚጠይቁት ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። የ15 ደቂቃ ዳንስ በሁለት ሳምንት ትዝታ ላይ ለውጥ እንዲያሳይ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እነዚህን ለ8 ሳምንቱ ፕሮግራም ይተዉአቸው። ለአንድ ክፍለ ጊዜ 20 የስሜት ቃላት ያሉትን «ፓናስ» ይጠቀሙ፤ መመሪያው ላይ «አሁን በዚህች ሰዓት» የሚለውን መርጠው። ለቅርበት ደግሞ በ1992 አርተር አሮን፣ ኢሌን አሮንና ዳኒ ስሞላን ያቀረቡት የክበቦች መለኪያ አለ፦ «እኔ» እና «ሌላው» የተባሉ ሁለት ክበቦች፣ ከተነጣጠሉት አንሥቶ እስከ ተደራረቡት 7 ሥዕል። ሰውየው ሁኔታውን የሚመስለውን ሥዕል ይመርጣል። ንባብ ብዙ ስለማይፈልግ በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። ከዳንሱ በፊትም በኋላም፣ ለሁለቱም አጋሮች ለየብቻ ያስሞሉ። ሌሎቹን መጠይቆች ከተረጎሙ፣ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጉማቸውና ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ከተሳታፊዎቹ ውጭ የሆኑ ጥቂት ሰዎች እያነበቡ ምን እንደገባቸው ይንገሩዎት።

ሕመም የመቻል አቅምን መለካት ከፈለጉ፣ መሣሪያው በእጅ የሚነፋው የደም ግፊት መለኪያ ነው። ማሰሪያው ብዙ በማይሠሩበት ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ግፊቱ በእኩል ፍጥነት፣ በሰከንድ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ ይጨምራል፤ ሰውየው «አሁን ማመም ጀመረኝ» ባለበት ቁጥሩ ይጻፍና ወዲያው ይለቀቃል። ጣሪያው አስቀድሞ ይወሰን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ያጽድቀው፤ መለኪያው እስከ 300 ስለሚያሳይ ብቻ እስከ 300 አይኬድም። የደም ግፊት ሕመም ወይም የደም መርጋት ችግር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በዚያን ቀን ማስታገሻ የዋጠ ሰው በዚህኛው ልኬት አይግባ። ሰው በጓደኞቹ ፊት ጀግና መሆን ስለሚወድ ለየብቻው ከመጋረጃ ጀርባ ይለካ። አንድ ለኪ ሦስት ሰው በተራ ሲለካ ሦስተኛው ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚደርሰው፤ የዳንሱ ውጤት እስከዚያ ሊበርድ ይችላል። ሦስት ለኪዎች ይኑሩ፤ ካልተቻለ ተራውን በየቡድኑ ያፈራርቁ።

ስለ ኢንዶርፊን፣ ማለትም ሰውነት ራሱ ስለሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ፣ ሲጽፉ ይጠንቀቁ፤ ሕመም የመቻል አቅም የሚለካው እሱን በተዘዋዋሪ ለመገመት ነው። ተመራማሪዎች ወደዚህ የተዘዋወረ መንገድ የሄዱት፣ በደም ውስጥ የሚለካው ኢንዶርፊን በአንጎል ውስጥ ያለውን በደንብ ስለማያሳይ ነው፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ በቀላሉ አያሳልፈውም። ሕመም የመቻል አቅም ግን በደስታም፣ በትኩረት መበታተንም፣ በሰውነት መሟሟቅም ይጨምራል። እርስዎ መጻፍ የሚችሉት «የሕመም መጀመሪያ ነጥቡ ከፍ አለ» ብቻ ነው፤ «ኢንዶርፊን ጨመረ» የሚለው ያልለኩት ነገር ነው።

በእርግጥ እኩል መደነሳቸውንም ያረጋግጡ። ስልክ በወገብ ላይ በቀበቶ አስረው በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር (የእንቅስቃሴ መዝጋቢ) በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲመዘግብ ያድርጉ። ሁሉም ሲጀምሩ አብረው ሦስት ጊዜ ይዝለሉ፤ የሦስቱን ስልኮች ሰዓት በኋላ የሚያስተካክሉት በእነዚያ ሦስት ዝላዮች ነው። ከዚያ በየ10 ሰከንዱ የሁለት ሰዎችን እንቅስቃሴ ተዛምዶ ያስሉ። ሁለት ፈጽሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎችም አንድ ዘፈን እየሰሙ ከደነሱ እንቅስቃሴያቸው ይዛመዳል። ስለዚህ ከተለያየ ቡድን፣ ግን በአንድ ሙዚቃ የደነሱ ሰዎችን እያጣመሩ የ«ሐሰተኛ ጥንዶች» ተዛምዶ ያውጡ፤ እውነተኞቹ ጥንዶች ከዚህ በላይ ያላቸው ትርፍ ነው የእርስ በርስ መግባባቱ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ዳንስ ከሌላ ስፖርት ይበልጣል ለማለት አብዝቶ የሚጠቀሰው በ2003 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣው የጆ ቨርጊስና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎች በአማካይ ለ5 ዓመት ገደማ ተከታትለው 124ቱ የመርሳት በሽታ ያዛቸው፤ ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ ከዝቅተኛ አደጋ ጋር የተያያዘው ዳንስ ብቻ ነበር። «76 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ያንን ቁጥር የሚያወሩት የማይጠቅሱት የስሕተት ወሰኑን ነው፤ የአደጋ ንጽጽሩ (1 ከሆነ ልዩነት የለም ማለት ነው) 0.24 ሲሆን ወሰኑ ከ0.06 እስከ 0.99 ይደርሳል። በአንድ ጫፍ ተአምር፣ በሌላው ጫፍ ምንም ያህል። ደግሞም ማንም በዕጣ አልተመደበም፤ የመርሳት በሽታ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ስለሚጀምር፣ እርምጃ መርሳት የጀመረ ሰው አስቀድሞ ዳንሱን ትቶት ሊሆን ይችላል።

በ2024 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሰፊ ትንታኔም እንዲሁ ነው። 218 ጥናቶችን አሰባስቦ ለድባቴ ከተሞከሩት የአካል እንቅስቃሴዎች ትልቁን ቁጥር ያገኘው ለዳንስ ነው፤ 0.96፣ የእግር ጉዞና ሩጫ ግን 0.62። የዳንሱ ቁጥር የቆመው ግን በ107 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። በ2015 የሕክምና ማስረጃዎችን የሚያጣራው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ለድባቴ በዳንስና እንቅስቃሴ ሕክምና ላይ መስፈርቱን ያሟሉ ሦስት ጥናቶችና 147 ሰዎች ብቻ አግኝቶ ድምዳሜ ለመስጠት አይበቃም ብሏል። እኔ ከነዚህ የምወስደው ዳንስ ቢያንስ ከሌላው እንቅስቃሴ አያንስም የሚለውን ነው፤ ይበልጣል ለማለት ግን ማስረጃው ገና ቀጭን ነው።

በተወሰኑ ነገሮች ግን ጎልቶ ይወጣል። በጀርመን ማግደቡርግ በ2017 የታተመ የ18 ወር ጥናት አረጋውያንን በዳንስና በተለመደ ስፖርት አነጻጽሮ፣ ለትውስታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ በሁለቱም ወገን ሲያድግ፣ ሚዛን መጠበቅ የተሻሻለው ግን በዳንሰኞቹ ብቻ መሆኑን አሳየ። ዳንሰኞቹ በየጊዜው አዲስ ቅንብር ይማሩ ነበር፤ የለመዱትን እየደጋገሙ አልነበረም። ናሙናው ከ30 ሰው ያነሰ መሆኑን አይርሱ። ማደሊን ሃክኒና ጋሞን ኧርሃርት በ2010 በ39 የፓርኪንሰን ታካሚዎች ላይ ታንጎን ከአጣማጅ ጋርና ያለ አጣማጅ ሲያነጻጽሩ፣ ሚዛናቸው በሁለቱም መንገድ ተሻሽሏል፤ ከአጣማጅ ጋር የደነሱት ግን ይበልጥ መደሰታቸውን ተናግረዋል። ደስታው ራሱ የሕክምና ውጤት ባይሆንም ሰውን በፕሮግራሙ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። የማይሄዱበት ስፖርት ደግሞ ምንም ያህል ቢያበረታ አይጠቅምም።

አብሮ የመንቀሳቀስ ምርምሩ ራሱም ነቀፋ አለበት፤ ፈታኞችዎ ያነሡብዎታል። በ2016 ሬኑንግና ጎሪትዝ 60 ሙከራዎችን አሰባስበው መካከለኛ የሆነ ውጤት አገኙ፤ ሆኖም የውጤቱ መጠን ሙከራውን በሚመራው ሰው ተጽዕኖ እንደሚለዋወጥም አሳዩ። እኩል የሚደንሱትን ቡድን ሲቀበል ፈገግ የሚል ረዳት ጥናቱን ያበላሻል። ስለዚህ ሰዎቹን የሚቀበለው፣ መጠይቁን የሚሰጠውና ግፊቱን የሚለካው ሰው ቡድኑ የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ማዳመጫው እዚህም ይረዳዎታል፤ በየትኛው ስልክ ላይ የትኛው መመሪያ እንዳለ አንድ ሌላ ሰው ብቻ ይወቅ፤ ተቀባዩም ዳንሱ ሲጀመር ከክፍሉ ይውጣ። ተሳታፊዎቹንም በመጨረሻ «ጥናቱ ምን የሚፈልግ ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቋቸው። መላ ምቱን በትክክል የገመቱትን አውጥተው ትንታኔውን ዳግም ይሥሩት፤ ውጤቱ ከተንኮታኮተ ያንንም ይጻፉ።

ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት መላ ምቱን፣ ዋናውን መለኪያ (አንድ ብቻ፣ የክበቦቹ ቢሆን እመርጣለሁ)፣ የሰው ብዛቱንና የትንታኔውን ዘዴ ቀን ባለው ሰነድ፣ ለምሳሌ የጥናት ዕቅድ በሚመዘገብበት ድረ ገጽ በኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ ላይ፣ ያስመዝግቡ። ሰባት መለኪያ ይዞ ገብቶ የተሳካለትን አንዱን መጻፍ በዚህ መስክ የተለመደ በሽታ ነው። ያቋረጠውን ሰው ሁሉ ከነምክንያቱ ይመዝግቡ፤ ቡድኑ ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ሲቀር ሁለቱ ሥራ ፈት ስለሚሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ዳንሱን የተለማመዱ ሁለት ተጠባባቂዎች ይዘጋጁ። ተጠባባቂው ሲገባ የእሱ መጠይቅ አይተነተንም፤ የሁለቱ አጋሮቹ ግን ይተነተናል፣ ምትክ መግባቱም በመረጃው ላይ ምልክት ይደረግበታል።